የፓስፖርት ሕግ «ላላ» ሲባል

ኤርፖርት ቼክ ኢን ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። «የፓስፖርት ሕጉ ለጊዜው ላልቷል» የሚል ዜና በወጣ ማግስት ወረፋው አይጣል ነው። ሁሉም ዜናውን ሰምቷል። ዝርዝሩን ያነበበ ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ለመውጣት ነው ወይስ ለመግባት የሚለውን እዩ። አሜሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. ከካናዳ፣ ከሜክሲኮና ከካሪቢያን በአውሮፕላን ለሚመለሱ ዜጎቿም ፓስፖርት ግዴታ አደረገች። ማመልከቻው ተከመረ። ስለዚህ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ፣ ማመልከታቸውን የሚያሳይ ማረጋገጫና ፎቶ ያለበት መታወቂያ የያዙ እንዲወጡም እንዲገቡም ፈቀደች። ልብ በሉ፣ ሁለቱንም ወረቀት ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2021፣ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ተቀበለች። ያ ግን ወደ አገር ለመመለስ ብቻ ነበር፤ ፓስፖርቱም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ ያበቃ መሆን ነበረበት።

ሰው የሚረሳው ትራንዚቱን ነው። አንዲት እናት ፓስፖርታቸው ካበቃ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሕጉ መላላቱን የሚገልጸውን ማስታወቂያ አሳትመው በፕላስቲክ ይዘዋል። መዳረሻቸው ይቀበላቸዋል። ትኬታቸው ግን በሌላ አገር በኩል ነው፤ እዚያ ተርሚናል ለመቀየር ኢሚግሬሽን ማለፍ የግድ ነው። ያ አገር ደግሞ ምንም አላላላም። ላሳፍራቸው አልቻልኩም። ወረቀቱን ቀስ ብለው ወደ ፕላስቲኩ ሲመልሱ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ቀጥታ በረራ ቢይዙ ኖሮ ይሄዱ ነበር።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ካሳፈርን፣ አየር መንገዱ መልሶ ያመጣዋል፣ ብዙ አገር ላይም ይቀጣል። እኛ የምናየው ዜና ሳይሆን ቲማቲክን ነው፤ የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር (አያታ) የየአገሩን የጉዞ ሰነድ ሕግ የሚያስቀምጥበት የመረጃ ቋት ማለት ነው። ቲማቲክ ካላለ እኛም አንልም።

ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጡ አየር መንገዱን ጠይቁ። የፓስፖርታችሁን ማብቂያ ቀንና የምታልፉበትን አገር ንገሯቸው፤ ቲማቲክ ላይ ያዩላችኋል። ማስታወቂያውን ከመንግሥት ድረ ገጽ አውርዳችሁ አትሙ፤ የቴሌግራም ስክሪንሾት ይዞ መምጣት ለክርክር ነው። መመለሻችሁን ማላላቱ በሚያበቃበት የመጨረሻው ቀን ላይ አታድርጉት፣ በረራ ይዘገያል።

በጊዜ ድረሱ። ሱፐርቫይዘር ተጠርቶ እስኪያጣራ ሰዓት ይሄዳል። ወረቀቶቹን ደግሞ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ስትደርሱ ኢሚግሬሽን ላይም ትጠየቃላችሁ፣ ሻንጣው የሚገኘው ከዚያ ወዲያ ነው።