ብር ከአካውንት ሲጠፋ፦ መጀመሪያ አስዘጉ፣ ከዚያ ጠይቁ

ባለፈው አክስቴ ደወለችልኝ። «ከባንክ ነን ብለው በሜሴጅ የመጣልኝን የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አሁን ግን ልቤ ጠረጠረ» አለች። ጠርጥራ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ለዚያው ሰውዬ መልሳ ደወለች! እሱም «እማማ፣ እያስተካከልን ነው፣ ስልኩን አይዝጉት» እያለ ሲያጫውታት ብሩ እየወጣ ነበር።

ስለዚህ ምልክቱ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ አካውንቱን አሳግዱ። ጥያቄው በኋላ ይደርሳል።

ስልካችሁ ድንገት ኔትወርክ አጣ

አጠገባችሁ ያለው ሰው በዚያው ኔትወርክ እየደወለ የእናንተ ብቻ ከጠፋ ጠርጥሩ። ሲሙ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው በእናንተ ቁጥር ምትክ ሲም አውጥቶም ሊሆን ይችላል። መለየት ቀላል ነው፤ በሰው ስልክ ወደ ራሳችሁ ቁጥር ደውሉ። ከጠራ ቁጥሩ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል፣ ወይም ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ስልክ እየዞረ ነው።

በዚያው በተዋሳችሁት ስልክ ባንካችሁ ጋ ደውሉና ሞባይል ባንኪንጉን አሳግዱ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127። ቀጥሎ መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ቴሌ ሱቅ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሲሙ በወንድም ወይም በድሮ አሠሪ ስም ከተመዘገበ፣ ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን ማስረዳት መከራ ነው። ዛሬውኑ ወደ ስማችሁ አዙሩት።

ሜሴጁ ገባ ይላል፣ ብሩ ግን የለም

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ 5000 ብር ልኬልዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ።» ድምፁ ያሳዝናል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። «ብር ገባ» የሚለውን ሜሴጅ ግን የጻፈው ራሱ ነው። ላኪው የባንክ ስም ሳይሆን በ09 የሚጀምር ተራ ቁጥር ከሆነ ነገሩ አልቋል። የባንክ ስም ቢኖረውም አትመኑት፤ ስምም ይመሰላል። ቀሪ ሂሳባችሁን ራሳችሁ እዩ፦ ንግድ ባንክ በ*889#፣ ቴሌብር በ*127#። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ እንኳ እናንተ አትመልሱ፤ ሰውዬው በባንኩ በኩል ይጠይቅ።

ሱቅ ያላችሁ ደግሞ፣ ደንበኛ ከፈልኩ ብሎ የሚያሳያችሁ ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። ልጅ እንኳ በስልኩ አስተካክሎ ይሠራዋል። ደንበኛው ቢቆጣም ቀሪ ሂሳባችሁን ሳታዩ ዕቃ አታስረክቡ።

ኤቲኤሙ ካርዱን በላው

ካርዱን ቶሎ ሳታነሱት ቀርታችሁ ወይም ፒን ደጋግማችሁ ተሳስታችሁ ከሆነ ማሽኑ ይውጠዋል። ይሄ ስርቆት አይደለም። ስርቆት የሚሆነው የካርዱ መግቢያ ላይ የሆነ ነገር ተሰክቶ ካርዱ ሲቀረቀር ነው። ምልክቱ ከኋላ የሚመጣው ደግ ሰው ነው፤ «ፒንዎን እንደገና ይሞክሩ» ይላል። እጃችሁን ይከታተላል፣ ስትሄዱ ካርዱን ያወጣዋል። እዚያው ቆማችሁ ደውሉና ካርዱን አስዘጉ።

ብር ሳይወጣ ከሂሳብ ከተቀነሰስ? አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርክ ጣጣ ነው፣ ይመለሳል። ካልተመለሰ ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም አቤቱታው ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የማሽኑን ቦታ መዝግቡ።

የማረጋገጫ ቁጥሩን ነግራችኋል፣ ወይም በቴሌግራም የተላከ አፕ ጭናችኋል

አትፈሩ፤ አትፈሩ ስል ግን ዘግዩ ማለቴ አይደለም። ጥሪውን ዝጉት። አፕ ከጫናችሁ ዳታና ዋይፋይ አጥፉና በሌላ ስልክ ወደ ባንኩ ደውሉ። በኮከብ የሚጀምር ኮድ አስደውለዋችሁ ከሆነ ጥሪያችሁን ወደ ራሳቸው አዙረውት ይሆናል፤ ##002# ብላችሁ ስትደውሉ ይሰረዛል። ፒኑን የምትቀይሩት አፑ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ካልሆነ አዲሱንም ያዩታል።

ብሩ ከወጣ ባንኩን «የተላከበት አካውንት ይታገድልኝ» በሉ። ሌባው ብሩን አውጥቶ ከጨረሰ የሚታገድ ነገር አይኖርም፣ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያጣድፈው። አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን ማኅተም አስደርጉበት፣ ይዛችሁት ወደ ፖሊስ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በወንጀል ይቀጣል።

አክስቴ አሁን የባንኳን ቁጥር በትልቁ ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ስልኳ ውስጥ ብቻ ቢሆን ስልኩ የጠፋ ቀን ምን ታደርጋለች?