ሲጨብጡት የሚለሰልስ የሞተር ሳይክል ፍሬንን ማስተካከል

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ደካማ ፍሬንን ወዲያው ያጋልጣል። መነሻው ላይ ደህና ሲይዝ የነበረ የዲስክ ፍሬን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ከለሰለሰ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ሸራ ከመቀየር በፊት ዘይቱን መመርመር ይገባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ እያደር ቶሎ የሚፈላ ይሆናል፤ ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቋቋም ሲኖርበት፣ ውሃ ሲገባበት መቋቋሚያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚጨመቅ የእጅዎ ጉልበት ሸራው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ሞተሩን አቁመው የፍሬኑን እጀታ ደጋግመው ይጭበጡ። እየጠነከረ ከመጣ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። ጨብጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ፣ አለዚያም እጀታው ዘንድ ያለው የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ አልቋል፤ ይህን አየር ማስወጣት አያድነውም።

አየሩን ለማስወጣት መጀመሪያ የዘይት መያዣውን ክዳን ዙሪያ ከአቧራ ያጽዱ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ ሰልባትዮውን በጨርቅ ይሸፍኑ። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ይሰኩና ጫፉን ጥቂት አዲስ ዘይት ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። እጀታውን ጨብጠው እንደያዙ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ይፍቱ፤ አረፋና ዘይት ሲወጣ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል፤ ሳይለቁት ብሎኑን ያጥብቁ፣ ከዚያ ብቻ ይልቀቁ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል። አረፋው እስኪጠፋና የሚወጣው ዘይት ንጹሕ እስኪሆን ይደጋግሙ፤ በየመሃሉ መያዣውን እየሞሉ ከዝቅተኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ ይጠብቁ። የወጣውን ዘይት መልሰው አይጠቀሙ፤ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም በቅናሽ ቢሸጥልዎ አይግዙ። የዘይቱ ዓይነት በክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ዶት 5 ሲሊኮን በመሆኑ ከዶት 3ም ሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ሲጨርሱ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ይሞክሩት።

አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚለቅ ፍሬን ጉዳዩ ሌላ ነው። እጀታው በየዙሩ ጣትዎን መልሶ የሚገፋ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። በአቧራማ መንገድ የሚሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይደርቃሉ፤ አውጥቶ ማጽዳትና ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ በስሱ መቀባት ይበቃል። ግራሶ ወይም ዘይት የነካው ሸራ ግን ቢያጥቡትም አስተማማኝ አይሆንምና ይቀይሩት፤ ዲስኩንም በፍሬን ማጽጃ ይጥረጉ።