ሥነ ምግብ ለመማር ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና “እህታችን፣ ሥነ ምግብ ማለት ምግብ ማብሰል ነው?” ይሉኛል። አይደለም። ምግብ ከሰውነታችን ገብቶ ምን እንደሚሠራ፣ ሲጎድልም ምን እንደሚያደርግ የምናጠናበት ሙያ ነው።

ለመግባት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን ያስፈልጋል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ በርቱ። ትምህርቱን በዲግሪ ከሚሰጡት ሐዋሳና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል። ሌላም መንገድ አለ፦ እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ወይም ሌላ የጤና ትምህርት ተምሮ ሥነ ምግብን በማስተርስ መቀጠል ይቻላል። በመጨረሻ የመውጫ ፈተና ስላለ ማስታወሻችሁን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ያዙ።

ባዮኬሚስትሪ ከባድ ነው። እኔ የገባኝ የእናቴን ቡሆቃ ሳስብ ነው። ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ከምሳ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡና ደግሞ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ወሎ ውስጥ ቡናውን ተዉ ማለት አይቻልም፤ ነፍሰ ጡሯን “እትዬ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ” ብላችሁ አስረዷት። ትምህርቱን እንዲህ ከቤታችሁ ጋር አያይዙት።

ተግባር ላይ ደግሞ እጃችሁን አሠልጥኑ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ሕፃን የግራ ክንዱ ዙሪያ ይለካል፤ ከትከሻውና ከክርኑ መካከል፣ ክንዱ ዘና ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሎ። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ በጣም ተጎድቷል ማለት ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ መካከለኛ ጉዳት፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣ ደህና። ሜትሩን ካላላችሁት የተጎዳው ልጅ ደህና መስሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካጠበቃችሁት ደህናውን ታማሚ ታደርጉታላችሁ። የሁለቱንም እግር ጀርባ ለሦስት ሰከንድ ያህል በአውራ ጣት ተጫኑ። ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ፤ የክንዱ ልክ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ ልጁ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲትን እናት “እንቁላል ስጪው” አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ስነግራት “የኔ ልጅ፣ እንቁላሉንማ ሸጬ ጨውና ሳሙና ገዛሁበት” አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ ከምክር በፊት “ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላ?” ብዬ እጠይቃለሁ። ቤቷ የሽምብራ ዱቄት ነበር። ከገንፎው ጋር ቀላቅለን ጀመርን። ከሳምንት በኋላ ስትመጣ እንቁላልም ከሦስቱ አንዱን ለልጁ እያስቀረች ነበር።

ሥራው ብዙ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የስኳርና የኩላሊት ታካሚዎችን ማማከር፣ በጣም የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ምርምር፣ ማስተማር። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ የምግብ ፋብሪካዎችን አትርሱ፤ ዱቄት ማበልጸግ (ቫይታሚንና ማዕድን መጨመር) እና ጥራት መቆጣጠር የዚህ ሙያ ሥራ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ደመወዝ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ኤክሴልና የእንግሊዝኛ ሪፖርት አጻጻፍ ከወዲሁ ከለመዳችሁ ሌላ ቦታ መወዳደር አያስቸግራችሁም።

ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሕፃናት የሚለኩበትን ቀን ጠይቁ። ኃላፊውን አስፈቅዱና ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። የእናቶቹን ጥያቄ በደብተር ጻፉ። ማታ ስታነቡት መልሱን ለማወቅ ከጓጓችሁ፣ አብሽሩ፣ ፎርሙን ሙሉ።