ጡረታ ሲወጡ ብቻዎን ከሆኑ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ

ያላገባም፣ የተፋታም፣ የትዳር ጓደኛውን በሞት የተነጠቀም 60 ዓመት ሞልቶት ከሥራ ሲሰናበት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ጠዋት በሬን ባልከፍት ሰው የሚያውቀው መቼ ነው? መሥሪያ ቤት ሳሉ ወንበርዎ ባዶ ከዋለ ስልክ ይደወል ነበር። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ግን ጎረቤቱ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ዘመድ ደግሞ ሁለትና ሦስት ታክሲ ማዶ ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማበጀት ነው።

ከመሰናበትዎ 6 ወር በፊት

አበልዎን ራስዎ ያስሉ። ለሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይወሰድና ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት አገልግሎ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ ሰው 55 በመቶ፣ ማለትም 5,500 ብር ያገኛል። ኪራዩን፣ መብራቱንና ውኃውን የሚካፈልዎት ስለሌለ የመጨረሻዎቹን ወራት በዚያች ገንዘብ ብቻ ለመኖር ይሞክሩ፤ የሚጎድለው የት እንደሆነ ደመወዝ ሳይቋረጥ ይታወቃል። የቀድሞ መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ከማኅደርዎ ከጎደለም አሁኑኑ ያስሞሉ። ከወጡ በኋላ ለአንድ ወረቀት መመላለሱ ጉልበት ይጨርሳል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ ደግሞ ቤቱን ያስቡበት። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። ጉልበት ሲያም ሰው መጀመሪያ የሚተወው ከቤት መውጣትን ነው፤ ከዚያ ለቅሶና ማኅበሩ ይቀራል። የራስዎን አከራይተው ምድር ቤት መከራየት ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ይመስለናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ደረጃ ላይ ይዘውት አይውጡ። በባለ 5 ሊትር ከፋፍለው ያኑሩት።

እድር

ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የድሮ እድሩን ይዞ ይቀራል። የድሮው እድር ይቀብርዎታል፤ መታመምዎን ግን አይሰማም። የአሁኑ ሠፈርዎ እድር ውስጥ ቶሎ ይግቡ፤ ብዙ እድሮች የመግቢያ ክፍያቸው ንብረታቸው በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፣ አዲስ አባልም አገልግሎት ለማግኘት የሚጠብቀው ጊዜ አለ።

ሲመዘገቡ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ የተሠራው ለባለ ትዳር ነው፤ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ ወላጆች ይላል። ብቸኛ ሰው ግማሹን ባዶ ትቶ ይፈርማል፤ ወርሃዊ መዋጮው ግን ከባለ ቤተሰቡ እኩል ነው። ፀሐፊውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወንድም፣ እህት ወይም ያሳደጉት ልጅ በቤተሰብ ይቆጠራሉ? እኔ ብሞት ገንዘቡን ማን ይረከባል? ተጠሪዎን በስምና በስልክ ያስጽፉ።

ከአባልነት በላይ የሚጠቅመው ኃላፊነት መያዝ ነው። የእድር ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ክፍል ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ጊዜ ያለው ደግሞ ጡረተኛ ነው። የድንኳኑን ቁልፍ የያዘ ሰው ሁለት ቀን ቢጠፋ ሠፈሩ ይፈልገዋል። ጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የመስጊድ ጀመዓ ወይም የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድንም እንዲሁ ቀኑን ጠብቆ ሰው ያገናኛል።

የመጋረጃ ስምምነት

በስልክ ብቻ አይተማመኑ፤ መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክም ይቋረጣል። በዓይን የሚታይ ምልክት ይሻላል። አጠገብዎ ካሉት ቀን ቤት የሚውሉ ሁለት ሰዎችን ይምረጡ፤ አንዱ አገር ቤት ሲሄድ ሌላው እንዲኖር። ከዚያ በግልጽ ይናገሩ፦ «ልጄ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት መጋረጃዬ ካልተከፈተ አንኳኪ፤ ካልመለስኩ ደውዪ፤ ካላነሳሁ በቁልፉ ክፈቺ።» መለዋወጫ ቁልፉን በታሸገ ፖስታ ለአንደኛው ይስጡ። ከውስጥ መቀርቀሪያ የሚዘጉ ከሆነ ግን ቁልፉ አይጠቅምም፤ ከውጭ በቁልፍ በሚከፈተው ብቻ ይዝጉ። በሩ ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የተጠሪዎን ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን እና የእሳትና አደጋ 939ን ለጥፉ።

ይህ ስምምነት የሚፈርሰው በይሉኝታ ነው። «ላስቸግራቸው አልፈልግም» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። አንድ ሳህን ወጥ ወይም ቡና በየሳምንቱ ቢያቀርቡ ነገሩ መረዳዳት ይሆንና ሁለታችሁም አትከብዱም። ለገና፣ ለፋሲካና ለመስቀል ሠፈሩ ባዶ ስለሚሆን በዋዜማው ማን እንደሚቀር ጠይቁ።

በከሰል ጉዳይ አንደራደርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ይገድላል። ጭሱ ካለቀ በኋላም ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የሚያስተኛ እንጂ የሚያስነሳ አይደለም። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ራስ ምታቱን ሊናገር ይችላል፤ ብቻዎን ከሆኑ የሚቀሰቅስዎ የለም። ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ያቀጣጥሉ፣ ለመኝታ ደግሞ ጋቢና ብርድ ልብስ ይጨምሩ።

ሌሊት ሲነሡ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ባትሪ መብራት ትራስ አጠገብ ይኑር።

ምግብ

ለአንድ ሰው መሥራት ስለሚያታክት ብዙዎች በሻይና በዳቦ ያድራሉ፤ ጉልበት የሚያጡትም ከዚያ ነው። ሽሮ ለአንድ ሰው 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ ይበቃዋል። ምስር ወይም ክክ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሥሩ፣ እንቁላልም አይጥፋ። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ። እንጀራ ከ4 በላይ በአንድ ጊዜ አይግዙ፤ ትኩሱን በፌስታል ከጠቀለሉት ላቡ ቶሎ ያሻግተዋል። የሚተርፍዎትን በሁለተኛው ቀን ለድርቆሽ ያድርቁ። ሻጋታ የያዘውን ፍቀው አይብሉ።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ በአምስት ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ከአንድ የሠፈር ሰው ጋር በሰዓት ተቀጣጥረው ይውጡ።

ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም በምንም ነገር አለመደሰት ሁለት ሳምንት ከዘለቀ እርጅና ነው ብለው አይለፉት፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ማታ ማታ ብቻን ሆኖ መጠጣት ከተጀመረም ያው ነው።

ወረቀት

ብቸኛ አረጋዊ ባለ ቤት ላይ ደላላም ዘመድም ዓይኑን ይጥላል። ውክልና ሲሰጡ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉት ቃላት ካሉ ያሰርዙ፤ ኪራይ ለመሰብሰብና አበል ለመቀበል አያስፈልጉም። ልጅ ከሌለዎትና ኑዛዜ ካልተዉ ውርሱ በሕጉ መሠረት ለወላጆች፣ እነሱ ከሌሉ ለወንድምና እህት ይሄዳል፤ ያስታመመዎት ጎረቤት ወይም በሕጋዊ ጉዲፈቻ ሳይሆን እንዲሁ ያሳደጉት ልጅ አይወርስም። ለእነሱ መተው ከፈለጉ በ4 ምስክሮች ፊት የሚነበብና ሁሉም የሚፈርሙበት ግልጽ ኑዛዜ ያድርጉ፤ ምስክሮቹም ንብረቱ የሚደርሳቸው ሰዎች አይሁኑ።

አንድ ክፍል ለተማሪ ወይም ለወጣት ሠራተኛ ማከራየት ቤቱን በሰው ድምፅ ይሞላዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ ከመፈራረም በፊት ዋስ ያስጠሩና ሰውየውን ከሚያውቁት ይጠይቁ።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ማለት ሰኔ ሳይጀምር፣ የሁለት ወር መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ያስቀምጡ፣ ቦት ጫማ ይግዙ፣ ጭቃው መንገዱን ሲዘጋ የትኛው ጎረቤት ጋ ቡና እንደሚጠጡም አስቀድመው ይስማሙ።