ከመንገድ ወደ ሸራ
ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ በሞያሌ አድርጋችሁ እስከ ናይሮቢ በመኪና ከሄዳችሁ፣ ሥዕሉ የሚጀመረው እዛው መንገድ ላይ ነው። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እጃችሁን ደጀን ላይ አፍታቱ፣ የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መኪናው ሲንገጫገጭ መስመሩ ይጣመማል፤ አታጥፉት፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ድንበር ላይ ግን መሳሉ ይቅርባችሁ፣ ጣጣ አለው።

ቀለሙን በቃል ጻፉት። ሰሜን ኬንያ ውስጥ ማርሳቢት አካባቢ ያየሁትን አፈር «አመድ የገባበት በርበሬ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቤት ገብቼ ቀዩ ላይ ትንሽ ግራጫ ጠብ ሳደርግበት ቁጭ አለ። ፎቶው ግን ብርቱካናማ አድርጎ ዋሽቶኛል።

ሸራውን መጀመሪያ በውሃ በቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ቀብታችሁ አድርቁት። ከዛ አንድ ሸራ ላይ አንድ ፌርማታ ብቻ። አታጭቁ።