የወርድስወርዝን የዳፎዲል ግጥም አጣጥሞ ለማንበብ

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ወርድስወርዝ ሐይቅ ዳር ስላያቸው ዳፎዲል የተባሉ ቢጫ አበቦች የጻፈው ግጥም 24 ስንኞች ብቻ ስላሉት፣ በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ «ደስ የሚል የአበባ ግጥም» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። በሚገባ ሊያጣጥመው የሚሻ ሰው ትርጉሙን ከመመርመሩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ያንብበው። በእያንዳንዱ አንጓ፣ ማለትም ባለ ስድስት ስንኝ ክፍል፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች አንድ አንድ እየዘለሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ተከታትለው ቤት ስለሚመቱ፣ የአንጓው መዝጊያ በጆሮ ይታወቃል። ዳፎዲልን በአደይ አበባ ተክቶ ማሰብ ያጓጓል፤ ሆኖም አደይ የምትፈካው ዝናቡ ሲያባራ ሲሆን፣ ዳፎዲል ግን ብርዱን ከአፈር በታች አሳልፎ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ እርሳስ ይዞ ጭፈራን የሚያመለክተውን ቃል ማስመር ይገባል፤ በአራቱም አንጓዎች ውስጥ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች አበቦቹ ይጨፍራሉ፣ በሦስተኛው የሐይቁ ሞገድ ይታከላል፣ በአራተኛው ግን አብሯቸው የሚጨፍረው ቤቱ ውስጥ ጋደም ያለው ሰው ልብ ነው። የግሱም ጊዜ እዚያው ይለወጣል፤ «አየሁ» ሲል የቆየው ተናጋሪ፣ አሁን ደጋግሞ የሚሆንበትን ነገር ይነግረናል። በእኔ አስተያየት የግጥሙ እምብርት ይህ ለውጥ ነው፤ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ለመፈልፈል የሚደክም አንባቢም እዚህ ላይ ቢቆይ ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ የባለቅኔውን እህት የዶሮቲን የዕለት ማስታወሻ ጎን ለጎን ማንበብ እጅግ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1802 በአልስዋተር ሐይቅ ዳር አብራው ትጓዝ ነበር፤ ነፋሱ ብርቱ እንደነበረ፣ አንዳንዶቹ አበቦችም ደክሟቸው ትራስ የተንተራሱ ይመስል ራሳቸውን ድንጋይ ላይ እንዳሳረፉ ጽፋለች። ወንድሟ ግን ነፋሱን አለዘበው፣ የደከሙትን አበቦች ተዋቸው፣ ራሱንም ብቻውን እንደ ደመና የሚንሳፈፍ ሰው አደረገ። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይቶ እያንዳንዱ ለውጥ ለመጨረሻው አንጓ ምን እንዳዘጋጀ መጠየቅ፣ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ግጥሙን ያቀርባል።

የታተመበትንም ዓመት ማየት አይከፋም። በ1807 ሲወጣ ሦስት አንጓዎች ብቻ ነበሩት፤ አበቦቹን ከከዋክብት ጋር የሚያመሳስለው አንጓ የገባው በ1815 ነው። ስለ ውስጥ ዓይንና ስለ ብቸኝነት ጸጋ የሚናገሩትን ሁለት ስንኞች ደግሞ የሰጠችው ሚስቱ ሜሪ ናት፤ እርሱ ራሱ ከግጥሙ ሁሉ የላቁት እነርሱ መሆናቸውን ተናግሯል።