ነምበር መንቸርስ ላይ ልጆች (ወላጆችም) የሚሳሳቱት

ነምበር መንቸርስ ሜክ የተባለ የአሜሪካ ሚኒሶታ ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ያወጣው የሒሳብ ጨዋታ ነው። በኢሙሌተር (የድሮ ኮምፒውተርን በአዲሱ ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ዛሬም ይሠራል። ሠላሳ ካሬ ባለው ሰሌዳ ላይ አረንጓዴው በላተኛ እየተዘዋወረ ትእዛዙን የሚያሟሉትን ቁጥሮች ይበላል፤ ትሮግል የሚባሉት ጭራቆች ደግሞ እሱን።

1ን መብላት። «ብቸኛ ቁጥሮችን ብላ» ሲባል መጀመሪያ 1 ላይ የማይዘል ልጅ እስካሁን አላየሁም። ጥፋቱ የስሙም ነው፤ ከ1 በላይ ማን ብቸኛ አለ? ግን ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ልክ ሁለት አካፋዮች፣ 1 እና ራሱን፣ የያዘ ነው። 1 ያለው አንድ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ከፍ ሲሉ እንደ 51 እና 57 ያሉት ያታልላሉ፦ ጎዶሎ ናቸው፣ በ5 አያልቁም። ዲጂቶቹን ደምሩ፤ 5 እና 1 ስድስት፣ 5 እና 7 አሥራ ሁለት፣ ሁለቱም በ3 ይካፈላሉ። 91ን ግን ይህ ዘዴ አይይዘውም፤ 7 ጊዜ 13 ነው፣ በቃል መያዝ ይሻላል።

ብዜትና አካፋይን ማምታታት። የእህቴ ልጅ «የ6 ብዜቶች» ተብላ 3ን ዋጥ አደረገችና አንድ ሕይወት ከሰረች። «ሁለቴ 3 እኮ 6 ነው!» ብላ ተከራከረችኝ። እዚህ ጨዋታ ላይ ብዜት ከቁጥሩ አያንስም፣ አካፋይም ከቁጥሩ አይበልጥም አልኳት። 6 ራሱ ሁለቱንም ነው፤ ልጆች ግን ይፈሩትና ያልፉታል፣ ከዚያ ዙሩ ለምን እንዳላለቀ ግራ ይገባቸዋል።

ከትሮግል ሁሉ መሮጥ። ሬጂ የሚባለው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አንድ ረድፍ ገለል ማለት ይበቃል። የሚያሳድደው ስማርቲ ነው። ካሬ ላይ ሲያልፉ ቁጥሩን የሚቀይሩም አሉ፣ ስለዚህ ቅድም ያነበቡትን አምኖ ለመብላት ስፔስ ቁልፉን መጫን አያዋጣም።

የወላጅ ስህተት አንድ ነው፦ ከኋላ ቆሞ «እሱን፣ እሱን ብላ!» ማለት። ጨዋታው ያለማምዳል እንጂ ማባዛትን ከባዶ አያስተምርም፤ መልሱን ከነገሩት ልጁ የሚለማመደው ቀስት መጫን ብቻ ነው። ስህተት ሲበላ ጨዋታው ቆሞ ይነግረዋል፣ እሱ ግን ሳያነብ ሊያልፈው ይቸኩላል። እጁን ያዝ አድርጉና ጮክ ብሎ እንዲያካፍል ጠይቁት።